ገብስማ ማለት ምን ዓይነት ዶሮ ነው?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ዶሮ ነው። ስለ ዋጋዋ አይደለም፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ብናነሳውም ከመናደድ በቀር የሚጨምርልን የለም። የምጽፈው ስለ መልኳ ነው። ስለ ላባዋ ቀለምና ጥለት፣ ለዚያ ቀለም ሰው ስላወጣለት ስም፣ ያ ስምም እኛ ጋ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች እንዴት ከልጆቻችን አፍ እየወጣ እንደሆነ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

"ገብስማ" የሚለውን ቃል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ጎረቤት ሲታመም "ገብስማ ዶሮ ይታረድ ተባለ" ሲባል ሰምታችኋል። ወሰራም እንደዚያው። ግን አሥር ዶሮ ፊታችሁ ቢለቀቅ "ይቺ ገብስማ ናት" ብላችሁ በጣት ማሳየት ትችላላችሁ? ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህንኑ የቤት ሥራ ሰጥቻቸው ነበር፤ እቤታችሁ ያሉትን ዶሮዎች መልክ ስም ጽፋችሁ ኑ አልኳቸው። አብዛኞቹ ይዘው የመጡት ሦስት ቃል ነው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ጥቂቶች "ዝንጉርጉር" ጨመሩ። አንዱ ደግሞ "የዶሯችን መልክ ሳሶ ነው" ብሎ ጻፈ። ሳሶ ማለት ከፈረንሳይ የመጣ የዶሮ ዘር የንግድ ስም ነው። ልጁ ጋ ግን ቀለም ሆኗል። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም፤ ልጁ ያየውን ነው የጻፈው። የሱ ሰፈር ዶሮ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ ከሆነ ለዚያ ቀይ ሌላ ስም ከየት ያመጣል?

እስቲ ከስሞቹ እንጀምር።

አማርኛ "ማ" የምትል ትንሽ ቅጥያ አለችው። ተራራማ፣ ደመናማ፣ ጭቃማ እንላለን። ዶሮ ላይ ስትመጣ "የመሰለ" የሚል ትርጉም ትይዛለች። ገብስማ ማለት ገብስ የመሰለች ናት፤ ነጭና ጥቁር ገብስ ተቀላቅሎ ሰፌድ ላይ ሲሰጣ ከሩቅ የሚታየው ያ ግራጫ ድብልቅ። ቅርብ ስትሄዱ እያንዳንዱ ላባ ለብቻው ነጭ፣ ጥቁር፣ አመድማ ነው። ጅግርማ (በሰሜን በኩል ዝግርማ የሚሉም አሉ) ጅግራ የመሰለች ናት፦ ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ። ቆቅማ ከቆቅ ነው፣ ቡናማና ቀላ ያለ ነቁጥ ያለባት። ዛጎልማ ከዛጎል። ልበ ወርቅ ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ደረቷ ወርቅ የመሰለ። ወሰራን ነጭና ቀይ የተቀላቀለባት ብለው የጻፉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ገበያ ላይ ግን ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ስትሄዱ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። እኛ ጋ ደግሞ ኦሮምኛው አለ፦ አዲ፣ ጉራቻ፣ ዲማ፤ ነቁጥ ላለባት ቡሬ፣ አመድማ ለሆነችው ዳለቻ። የጅማ ገበያ ላይ አንዷን ዶሮ ሻጯ ቡሬ ስትላት ገዢዋ ዝንጉርጉር ይላታል፣ ሁለቱም ተግባብተው በዋጋው ይጨቃጨቃሉ።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። ፈረንጆቹም የዶሮ መልክ ስም ሲያወጡ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ከጥለቶቻቸው አንዱን በቆቅ ስም ነው የሚጠሩት። ሌላው "ስንዴማ" እንደማለት ነው። ነጭና ጥቁር ሽንትር ያለበትን ደግሞ እንግሊዞቹ ኩኩ በምትባለው ወፍ ስም ይጠሩታል። ማንም ከማንም አልኮረጀም። የጎጃም ገበሬና የእንግሊዝ ገበሬ ዶሮ ጓሮው አለች፣ ቆቅ ማሳው ዳር አለ፣ እህል አውድማው ላይ አለ፤ ሁለቱም ያዩትን ባዩት መሰሉት። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ዶሮ መጤ ናት፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የዱር ዘመዷ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ውስጥ ነው ያለው። እኛ አገር ግን የቆየች መጤ ናት። ምሥራቅ ትግራይ ውስጥ መዝብር በሚባል ከአክሱም በፊት የነበረ የመኖሪያ ሥፍራ፣ የአገራችን ልጅ የሆነችው አርኪዮሎጂስት ዶ/ር ህሊና ወልደኪሮስ እና ካትሪን ዳንድሪያ የዶሮ አጥንት አግኝተው በ2016 ጽፈዋል። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያኔ ሲጻፍ በአፍሪካ ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ ቀዳሚው ነበር። ስለዚህ "የሐበሻ ዶሮ" የምንላት ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የመኖሪያ ፈቃድ አላት ማለት ነው።

አጥንት ግን ላባ አይናገርም። የመዝብር ዶሮ ገብስማ ትሁን ቀይ ከአጥንቷ አይነበብም። መነሻው መልክ ግን ይታወቃል፤ የዱሩ አውራ አንገቱና ጀርባው እንደ እሳት ቀይና ወርቅማ፣ ደረቱ ጥቁር፣ ጅራቱ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው። ይህን መልክ የት አውቀዋለሁ አላችሁ? ለእንቁጣጣሽ እያገላበጣችሁ የምትገዙት ቀይ አውራ ዶሮ ነዋ! ያ ዶሮ የለበሰው የአያት ቅድመ አያቱን የጫካ ልብስ ነው። ዳርዊን በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ጥቁር የስፔን አውራ ዶሮን ነጭ ሐር መሰል ላባ ካላት እንስት ጋር አዳቅሎ፣ ከልጆቹ አንዱ ሲያድግ የዱሩን መልክ ይዞ እንደወጣ ጽፏል። ጥቁርና ነጭ ተጋብተው ቀይ ወለዱ። ቀለም ይደበቃል እንጂ ቶሎ አይጠፋም፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ጅማ ላይ ያስፈልገናል።

ወደ ጅማ እንምጣ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ትልቁ ነበር፤ እስከ ሠላሳ ሺህ ሰው ይወጣበት እንደነበር ተጽፏል። ስለዚያ ገበያ የጻፉት ሁሉ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ያንን አሳዛኝ የባሪያ ንግድ፣ ማርያ ቴሬዛ ብሩን ይዘረዝራሉ። ዶሮ የት ሄደች? ሠላሳ ሺህ ሰው በወጣበት ገበያ ዶሮ አልተሸጠም ብሎ የሚያምን ካለ ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። አልተጻፈችም እንጂ ነበረች። ምክንያቱ ለኔ ግልጽ ነው። ዶሮ የሴት ሀብት ናት። የፈረስ መልክ እንዴት እንደተዘመረለት ተመልከቱ፤ ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻ እየተባለ ተሸልሎበታል፣ ነገሥታቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። "አባ ጅፋር" ራሱ የፈረስ ስም ነው። የፈረስ ቀለም ታሪክ ውስጥ ገባ፣ የዶሮ ቀለም ግን ጓዳ ቀረ።

ጓዳ ቀረ ማለት ግን ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። መዝገብ በሌለበት ቤት መዝገቡ ቀለሙ ነበር። አንዲት እናት "ይቺ የገብስማዋ ልጅ ናት፣ ጎበዝ ታቅፋለች፤ የዚያች የነጯ ልጆች ግን እንቁላል ትተው ይነሳሉ" ስትል የምታወራው ስለ ትውልድ ሐረግ ነው። ዶሮ ለጎረቤት ለእኩል ማርባት ሲሰጥ ውሉ የሚታሰረው በመልክ ነው፦ "አንዲት ወሰራ ቄብ ሰጥቼሻለሁ"። ዶሮ ሲሰረቅ ሽማግሌ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ይኸው ነው። አሁን በኛ ሰፈር ሁሉም ቀይ ሳሶ ስለገዛ ሴቶቹ ክንፏ ላይ ቀለም ያለው ጨርቅ ያስራሉ። አንዷ ሰማያዊ፣ አንዷ ቢጫ። ላባው ይሠራ የነበረውን ሥራ ጨርቅ ተረከበው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ። የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1952 ነው። አሜሪካኖቹ ፖይንት ፎር በሚሉት የርዳታ ፕሮግራም፣ የኦክላሆማ እርሻና መካኒካል ኮሌጅ አጋር ሆኖ። ሐሳቡን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የተነጋገረው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1951 መጨረሻ ኢራን ላይ በአውሮፕላን አደጋ ስለሞተ የጅማን ትምህርት ቤት አላየውም። በነገራችን ላይ ዛሬ ሐረማያ የምንለው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ የኮሌጅ ተማሪዎቹን የተቀበለው እዚህ ጅማ ነው፤ አለማያ ያለው ግቢ እስኪያልቅ ድረስ። ሐረማያዎች ሲኩራሩ ይህን አስታውሷቸው። የኛው ትምህርት ቤት ኮሌጅ ሆነ፣ በ1999 ደግሞ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ በዚሁ ፕሮጀክት አራት የውጭ የዶሮ ዘሮች ወደ ጅማና ወደ አለማያ መጡ። ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕ እና ዋይት ሌግሆርን። አገራችን ውስጥ ስለ ዘመናዊ ዶሮ እርባታ አጀማመር የሚጽፍ ሁሉ ከነዚህ አራት ስሞች ነው የሚነሳው። መልካቸውን እንይ። ሮድ አይላንድ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ኒው ሃምፕሻየር ፈካ ያለ ቀይ፣ አውስትራሎርፕ ፀሐይ ላይ አረንጓዴ የሚያበራ ጥቁር፣ ሌግሆርን ጥርት ያለ ነጭ። ቀይ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ተማሪዎቼ ይዘው የመጡት ሦስት ቃል! እርግጥ እነዚህ ቃላት ከዚያም በፊት ነበሩ፣ ቀይ ዶሮ ድሮም ነበረ። ግን አራት ዘር አንድ ላይ መጥቶ አንዲት ነቁጥ የሌለበት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም።

የልዩነቱ ሥር እዚህ ጋ ነው። እነሱም እንደኛ በቆቅና በስንዴ ነው የጀመሩት ብያለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ የዶሮ ውድድር ፋሽን ሆነ። ዳኞቹ ነጥብ ለመስጠት የተጻፈ መለኪያ ፈለጉ፤ የእንግሊዙ በ1865፣ የአሜሪካው በ1874 ታተመ። ከዚያ በኋላ ቀለም የዘር መታወቂያ ሆነ። ሮድ አይላንድ ሬድ ክንፏ ላይ ያለቦታው ነጭ ላባ ከበቀለ ከውድድር ትወጣለች። ለቀለም የተሰጠው ክብር ይግረማችሁ፣ የሮድ አይላንድ ግዛት በ1954 ይቺኑ ዶሮ ይፋዊ ወፍ አድርጎ ሾማት። እኛ ጋ መለኪያውን የጻፈ የለም፣ ውድድርም የለም። ስለዚህ ከአንዲት ገብስማ እናት ሥር ከታቀፉ ዐሥራ ሁለት ጫጩቶች አምስት ዓይነት መልክ ይወጣል። ገብስማ መልክ እንጂ ዘር አይደለም። ብዙ ሰው "ገብስማ ምን ዓይነት ዘር ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል፤ ጥያቄው ራሱ ከፈረንጅ መጽሐፍ የመጣ ነው።

ለጅማዎቹ ፈር ቀዳጆች ፍትሐዊ ልሁን። እነዚያ ባለሙያዎች ሞኞች አልነበሩም። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በ1920ዎቹ አንዲት አውስትራሎርፕ በ365 ቀን 364 እንቁላል ጥላለች። ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ጓሮ ውስጥ የምትጭረውን ገብስማ ዞር ብሎ ባያይ አልፈርድበትም። የምፈርደው ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። በተከታታይ አሥርት ዓመታት የተሠራበት መንገድ ለገበሬው የውጭ አውራ ዶሮ ማከፋፈል፣ የመንደሩን አውራዎች ደግሞ አስወግዱ ማለት ነበር። እንቁላል ተቆጠረ፣ ኪሎ ተመዘነ። የመንደሯ ዶሮ ለምን ያን ሁሉ መልክ እንደያዘች፣ መልኳ ምን እንደሚሠራላት ግን ጉዳዬ ብሎ የያዘው አልነበረም።

ውጤቱ እንደታሰበው አልሆነም፤ የጅማው ፕሮፌሰር ሰለሞን ደመቀን ጨምሮ ራሳቸው የዘርፉ ተመራማሪዎች የጻፉት ነው። የመጡት ዶሮዎች መኖ፣ ቤትና ክትባት ይፈልጋሉ፤ ፈንግል ሲገባ ያልቃሉ። ሌግሆርን ደግሞ እንዳትታቀፍ ተደርጋ የተመረጠች ናት፤ የማትታቀፍ ዶሮ ማሽን በሌለበት ገጠር የአንድ ትውልድ እንግዳ ናት። ሞታ አለቀች፣ የመንደሯ ዶሮ ቀረች።

ነጩ አውራ በገባበት መንደር ላይ የሆነውን ግን የባዮሎጂ መምህር ጓደኛዬ ነው ያስረዳኝ። ሌግሆርን ነጭ የሆነው ሌላ ቀለም ስለሌለው አይደለም፤ ጥቁሩን ቀለም የሚያፍን አንድ ጠንካራ ዘረመል ስላለው ነው። ነጩ አውራ ከገብስማዋም ከጥቁሯም ቢወልድ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከሞላ ጎደል ነጭ ይሆናሉ። እናትየዋ ጫጩቶቿን አይታ "መልካቸው ጠፋ" ትላለች። ልጆቹ እርስ በርስ ሲወልዱ ግን በሁለተኛው ትውልድ ጥቁሩም ነቁጡም ከነጩ ሥር ብቅ ይላል። ያዙልኝ ያልኳችሁ የዳርዊን ነገር ይኸው። የአንድ ጊዜ ነጭ አውራ መልክን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የሚያጠፋው የመንደሩ አውራ በሙሉ ተለቅሞ ሲያልቅና በየዓመቱ አዲስ ጫጩት ከውጭ ሲመጣ ነው። ያኔ ከሥር ብቅ የሚል ነገር አይኖርም።

የሚያስቀኝ ነገር ደግሞ አለ። ሳይንሱ ራሱ የሐበሻን ዶሮ ሊያጠና ሲነሳ የገበያውን ስም ተበድሮ ነው የጀመረው። በ1980ዎቹ ተከተል ፎርሲዶ የአገር ውስጥ ዶሮዎችን ሲያወዳድር የከፈላቸው ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማና ነጭ ብሎ ነው (መላጣ የቀለም ስም አይደለም፣ አንገቷ ላባ የሌላት ናት፤ ግን እንደ ቀለም ተቆጠረች)። በ2007 ሀሊማ ሀሰን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉትን ስታጠና ነጭ፣ ገብስማና ቀይ ቀዳሚዎቹ ሆነው አገኘቻቸው። ታደለ ደሴ ደግሞ በ2003 በአካባቢ ከፋፈላቸው፦ ጥሊሊ፣ ሆሮ፣ ጨፌ፣ ጃርሶ፣ እና የኛዋ የቡና አገር ቴፒ። የሆሮዋ ዶሮ ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ገብታ እየተመረጠች እንቁላሏም ክብደቷም ጨምሯል። ይህን የምለው ሌላ መንገድ እንደነበረ ለማሳየት ነው። የጓሮዋን ዶሮ ራሷን መርጦ ማሻሻል ይቻላል፤ የተጀመረው ግን ጅማ የመጀመሪያውን ነጭ አውራ ካየች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ነቁጥና ሽንትር በሌላ በር ተመልሶ መጣ፤ ኮይኮይክ። ነጭና ጥቁር ሽንትርትር ያለባት፣ ብዙዎቻችሁ ጓሮ ያለች። ደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም እርሻ ኮሌጅ ውስጥ በ1950ዎቹ የተዳቀለች ናት። ከምን ከምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዋነኞቹ አውስትራሎርፕና ዋይት ሌግሆርን ናቸው። በዚያው አሥር ዓመት ጅማ ከገቡት አራት ዘሮች ሁለቱ! እነሱ አዳቅለው የራሳቸውን ዶሮ ሠሩ፣ እኛ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ከነሱ ገዛን። ስሟም በአፍሪካንስ ኩኩ ማለት ነው፣ ሽንትሩን በወፍ መስለው ያወጡት። የቦር ገበሬ "ማ" የምትል ቅጥያ ባይኖረውም የሠራው ቆቅማ ካለችው እናታችን ጋር አንድ ሥራ ነው።

የኮይኮይክ ሽንትር ጌጥ ብቻ አይደለም። ሽንትሩን የሚያመጣው ዘረመል የጾታ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። በዶሮ ደግሞ ነገሩ ከሰው ይገለበጣል፤ ሁለት አንድ ዓይነት ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ነው። ስለዚህ አውራው ሽንትሩን በእጥፍ ይወስድና ነጣ ብሎ ያድጋል፣ እንስቷ ጠቆር ትላለች፣ ጫጩቱም ገና ሲፈለፈል ወንዱ ጭንቅላቱ ላይ በሚታየው ነጭ ነጥብ ይለያል። የእንቁላል ዶሮ የሚያመርቱት ኩባንያዎችም ወንዱን ከሴቷ በመጀመሪያው ቀን በላባ ቀለም የሚለዩባቸው ዘሮች አሏቸው። እንግዲህ ላባ "የሴቶች ወሬ" ተብሎ በተናቀበት ጉዳይ ሚሊዮኖች ይዘውሩበታል። የዶሮን ውርስ በዓይን የማንበብ ሥራ ለነገሩ የቆየ ነው፤ የሜንዴል ሕግ እንስሳ ላይም እንደሚሠራ ቤትሰን የተባለው እንግሊዛዊ በ1902 ካሳየባቸው ነገሮች አንዱ የዶሮ ኩክኔ ነው። የኛ ሰው ገበያ ላይ "ኩክኔው ድርብ ነው፣ ዋጋው ይለያል" ሲል ስለዚያው ነገር ነው የሚያወራው።

ስለ ገበያ ካነሳሁ፣ እኔ የምገዛባት አንዲት ሻጭ አለች። ከሰቃ በኩል ነው የምትመጣው፣ በዕድሜ እናቴን ትሆናለች፣ ዶሮ ሳሸጥ ሠላሳ ዓመቴ ነው ትላለች። ስለ ስሞቹ ስጠይቃት መጀመሪያ የምቀልድባት መሰላት። ከዚያ ግን እግራቸው ታስሮ የተኙትን አንድ በአንድ እያነሳች "ነጯ ለከተማ ናት ቲቸር፣ አጥር ላለው። ገጠር ነጭ ዶሮ ለጭልፊት ፋኖስ ናት" አለችኝ። "ገብስማዋን ቡና ሥር ለቀሃት ዞር በል፣ ቅጠሉ ውስጥ ትጠፋብሃለች፣ አንተም ጭልፊቱም አታገኟትም።" ጥቁሯንስ አልኳት። ሳቀች። "ጥቁር ማንም አይፈልጋትም፣ የሚፈልጋት ሲመጣ ግን ዋጋ አይጠይቅም።" ማን እንደሚፈልጋት ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ጠንቋይ ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። በዚህ ነገር አላምንም፣ ግን እንደ ታሪክ መምህር አንድ ነገር አልክድም፦ "ገብስማ"፣ "ወሰራ" የሚሉትን ቃላት ከተማ ውስጥ እስከዛሬ ካቆዩልን ነገሮች አንዱ ይኸው ቃልቻው የሚያዘው ትእዛዝ ነው። ሌላው ሰው ዶሮን በኪሎ መግዛት ሲጀምር መልኳን በስም መጥራት የቀጠለው እሱ ነው።

ሻጯ ያለችውን የቀለም ጥቅም ተመራማሪዎችም ከየአካባቢው ገበሬ ሰምተው ጽፈውታል። ቀይና ነጭ ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ፣ ጥቁር ይረክሳል። ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ያለበት ቦታ ላይ ግን ደማቅ ነጭ ይፈራል። ከቡና ዛፍ ሥር ያለውን መሬት አስቡት፤ የደረቀ ቅጠል፣ ጥላ፣ ቁርጥራጭ ብርሃን። ገብስማና ቆቅማ የተሠሩት ለዚያ መሬት ይመስላል። ጎማ፣ ጌራ፣ ሊሙ ውስጥ ያለች እናት በአጥር ሳይሆን በላባ ነው ዶሮዋን የምትጠብቀው። አንድ ወጥ ቀይ የሆኑ ሃምሳ ጫጩቶችን ገዝታ ጓሮ ስትለቅ፣ አብራ መግዛት ያለባት ነገር እንዳለ የሚነግራት የለም፤ አጥሩን፣ መኖውን፣ ክትባቱን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጫጩቱን እንደገና።

እኔ ሳሶ ይውጣ አላልኩም፣ እንዳታጣሉኝ። እኔም ቤት አለ። የልጅ እንቁላል በርካሽ የሚገኘው በሱ ነው። ግን ፍጥነቱን እዩት። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በ2014/15 ሲቆጥር ከአገሪቱ ዶሮዎች ከመቶ 95 በላይ የአገር ውስጥ ነበሩ። በ2020/21 ከ57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ውስጥ የአገር ውስጥ የሆነችው ወደ 79 ከመቶ ወርዳለች። ስድስት ዓመት ነው! ከተማ አካባቢ ደግሞ ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው፤ የኔ ተማሪዎች ወረቀት ላይ ታይቷል። የዱር እንስሳ ቢሆን "ሊጠፋ ነው" ብሎ የሚጮህ ድርጅት ይኖር ነበር፣ ለቆቅማ የሚጮህላት የለም። ደግሞ ከዶሮዋ ቀድሞ የሚሞተው ስሟ ነው። ስም የሌላት ዶሮ ዝንጉርጉር ናት፣ ዝንጉርጉር የሆነች ሁሉ አንድ ናት፣ አንድ የሆነች ደግሞ ለበዓል ስትታረድ የቀረውን የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ፣ እናታችሁ ጋ፣ ገጠር ያለች አክስታችሁ ጋ የአገር ዶሮ ካለች ፎቶ አንሱልኝ። ጠዋት፣ ከጎኗ፣ ክንፏና ደረቷ እንዲታይ፤ አውራ ከሆነ ጅራቱም ይግባ። ከሥሩ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቦታው፣ መልኳ በዚያ ቤት ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ስሙን የነገራችሁ ሰው በግምት ስንት ዓመቱ እንደሆነ። የሰውየውን ስም አልፈልግም። ኦሮምኛ፣ ከፍኛ፣ የምኛ፣ ዳውርኛ ከሆነ እንደሚሰማችሁ በፊደል ጻፉት፣ አታርሙት። "ገብስማ" ብላችሁ የምትልኩት ሌላው "ወሰራ" ካለው ጋር ቢመሳሰል አትጨቃጨቁ፣ ሁለቱንም እመዘግባለሁ። እስካሁን ከአጋሮ፣ ከሰርቦና ከየቡ ደርሶኛል። ከሸቤ፣ ከሊሙ ገነትና ከቴፒ በኩል ግን ገና አንድም አልመጣም።